አንደኛ ክፍል ስንገባ፦ ከማስተማር ልምምዳችን ያገኘነው ትምህርት



የምረቃው ቀን እየተቃረበ ሲመጣ በየመኝታ ክፍሉ የሚነሣው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። የት እንመደብ ይሆን? መኪና ይገባል ወይ? መብራት አለ ወይ? የቤት ኪራዩስ? መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኛም እንጠይቃለን። ዳሩ ግን በመጀመሪያው ሰኞ በሩ ከኋላችን ሲዘጋና ሰባ ያህል ሕፃናት ቀና ብለው ሲያዩን ምን እንደምናደርግ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰኞና እርሱን ተከትለው ስለሚመጡት ሳምንታት ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀነው አምስት ሠልጣኞች ነን። ለአንድ ወር በቆየው የማስተማር ልምምድ፣ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ውስጥ ተመድበን ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች ቁጥር 68 ነው። ዴስኩ 17 ስለሆነ በአንዱ ላይ አራት አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ። በዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የተሳካው ነገር ነው። እኛ ግን ያልተሳካልንን ብንጽፈው ይበልጥ ይጠቅማል ብለን ስለተስማማን፣ በማስታወሻ ደብተራችን የያዝነውን እንዳለ አቅርበነዋል። ከሳቃችሁብን እሰየው፤ እኛም ስቀንበታል። ያልሳቅንበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

መዝሙር እና ንባብ

የመጀመሪያው ትምህርታችን የ«ለ» ዘር ነበር። ዕቅዱን ለማዘጋጀት ሦስት ምሽት ፈጅተናል፤ ዓላማው፣ መግቢያው፣ አቀራረቡ፣ ማጠቃለያው፣ ግምገማው፣ ሁሉም በየሣጥኑ ተሞልቷል። በዓላማው ሥር «ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች የለን ዘር ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለይተው ያነባሉ» ይላል። ተራው የደረሰው ጓደኛችን ገባና በመጠቆሚያ ዘንግ «ለ» ሲል ክፍሉ «ለ!» አለ። «ሉ» ሲል «ሉ!»። ኧረ ግድግዳው ሊነቃነቅ ምንም አልቀረው! አምስት ጊዜ ተደገመ፤ በአምስተኛው ላይ እርሱ ዝም ብሎ ሲጠቁም እንኳ ልጆቹ ብቻቸውን ጨረሱት። ከኋላ ተቀምጠን የመከታተያ ቅጽ የምንሞላው አራታችን በደስታ «ዓላማው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል» ብለን ጻፍን።

የክፍሉ መምህርት በሥራው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። በጊዜው ምንም አላሉንም። ልጆቹ ለዕረፍት ሊነሡ ሲሉ ግን መጠቆሚያውን ወስደው ከፊት የተቀመጠችውን አንዲት ትንሽ ልጅ ጠሩና ከተጻፈው ረድፍ «ሌ»ን አመለከቷት። ልጅቱ ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥታ በለሆሳስ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ...» እያለች መጣችና «ሌ!» አለች። ልናጨበጭብ ነበር። መምህርቷ ረድፉን በሙሉ በዳስተር አጠፉት፤ በባዶው ሰሌዳ መካከል «ሌ» ብቻዋን ጻፉና «አሁንስ ይቺ ማን ናት?» አሏት። ልጅቱ ሰሌዳውን ግራና ቀኝ አየች። የምትነሣበት ቦታ የለም። ትንሽ ቆይታ «ለ» አለች።

«አያችሁ ልጆቼ፣» አሉን መምህርቷ፣ «ቦታዋን እንጂ ፊደሏን አታውቃትም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ነበር። ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወጣዋለች። ደብዳቤ ሲመጣ ግን ለእኔ ነበር የምትሰጠው።»

ከመካከላችን አንዱ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበርና ይህን ሲሰማ «አቡጊዳ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ «ሀሁ»ን ከጨረሰ በኋላ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ወደሚለው ይሻገራል። አንዱን ከግዕዝ፣ ቀጣዩን ከካዕብ፣ ሌላውን ከሣልስ እየወሰደ የተለመደውን ተራ ያፈርሰዋል። ልጁ በመዝሙር ብቻ መጥቶ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቅበታል። የኔታ ያለ ሥነ ልቡና መጽሐፍ የደረሱበትን ነገር እኛ በሦስት ምሽት ዕቅድ ስተነዋል ማለት ነው።

በማግስቱ በመምህርቷ ፈቃድ አሥር ፊደላት በአሥር የካርቶን ቁራጮች ላይ ጽፈን፣ በመጀመሪያው ወር ከተማሩት ውስጥ አደባልቀን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ከዛፍ ሥር ጠየቅናቸው። አምስት ስለሆንን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተኩል ጨረስን። ከ68ቱ መካከል 29ኙ ከአሥሩ ካርድ ከሦስት በላይ አልለዩም። እነዚህ 29 ልጆች ትናንት ከሌሎቹ ጋር ግድግዳውን ሲያነቃንቁ ከነበሩት ውስጥ ናቸው! የኅብረት ድምፅ ደካማውን ይሸፍናል፤ መምህሩንም ያታልላል።

ይህ የእኛ ክፍል ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ቋንቋዎች የተካሄደው የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ቁጥሩን በንግግር ክፍል ስንሰማው ሩቅ መስሎን ነበር። ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ካርድ እያሳዩ ዝም ሲሉ ማየት ግን ሌላ ነው።

ፊደሉ የሚሰጠን እርዳታ

33 ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ሏ»ን ሳንቆጥር ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃል ያዝ ማለት ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ነገር ግን ፊደላችን ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ለልጁ ማሳየት የእኛ ሥራ ነው። ካዕቡን ብናይ «ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ሙ» ሁሉም በቀኝ በኩል ከወገባቸው ጭረት ያወጣሉ። ሣልሱ «ሊ፣ ቢ፣ ሲ» ጭረቱን ወደ እግር ያወርደዋል። ኃምሱ «ሌ፣ ቤ፣ ሴ» እዚያው እግር ላይ ቀለበት ያደርጋል። ራብዑ «ላ፣ ባ፣ ሳ» የግራ እግሩ አጭር ነው። ስለዚህ የአንድን ፊደል ዘር በአግድም ከመዘመር ሌላ፣ የተለያዩ ፊደላትን ካዕብ ብቻ ወደ ታች ደርድሮ «ምን ያመሳስላቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ባደረግን ቀን አንድ ልጅ «ሁሉም እጅ አላቸው!» አለ። ከዚያ ወዲህ የክፍላችን ካዕብ «ባለ እጅ» ተባለ፤ ኃምሱም «ባለ ጫማ»። በፈተና ላይ አይጻፍም እንጂ ከእኛ ስያሜ የእነርሱ ይሻላል።

አስቸጋሪዎቹም አሉ። «ሩ» እና «ፉ» እንደ ሌሎቹ ከወገባቸው ሳይሆን ከግርጌ ነው ጭረት የሚይዙት። ሳድሱማ ደንብ የለውም ማለት ይቀላል፤ «ል፣ ብ፣ ር፣ ን፣ ት» እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። እነዚህን ልጁ ራሱ ያውጣቸው ብሎ መተው በደል ነው፤ ለብቻቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» ደግሞ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ በምትጨመር ጭረት ስለሆነ፣ ከኋላ ዴስክ ለተቀመጠ ልጅ ጠመኔው ሲቀጥን ጭረቷ አትታይም። ከመጨረሻው ዴስክ ተቀምጣችሁ የጻፋችሁትን እዩት። እኛ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያየነው፤ አፈርን።

ሌላው ሞክሼው ነው። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ሀ የትኛው ነው?» ብላ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን አሳየችን። አምስታችንም ተያየን። ሦስቱም ናቸው ብለን መለስን፤ ምክንያቱን ስትጠይቅ ግን «ስታድጊ ትማሪዋለሽ» አልን። ደካማ መልስ ነበር። በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ እንደነበረና በአማርኛ ንግግር አንድ እንደሆኑ፣ «በድሮ ጊዜ ሦስት ድምፅ ነበራቸው፤ አሁን አንድ ሆኑ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻል ነበር።

አርባ ደቂቃ ስንት ነው?

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው ተብሎ ይጻፋል። እኛ በሁለተኛው ሳምንት አንዳችን ሰዓት ይዞ ለካ። ስም መጥራት 8 ደቂቃ፣ ደብተር ማውጣት 4፣ መጽሐፍ ማደል 5፣ ጀርባን ለልጆቹ ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ መጻፍ 6፣ የዘገየና «ልውጣ» የሚል 3። ድምሩ 26 ሆነ። ለትምህርቱ የተረፈው 14 ደቂቃ ነው! ዕቅዳችን ግን 40ውን ሙሉ ሰጥቶት ነበር፤ ለዚህም ነው ዘወትር ማጠቃለያው ላይ ሳንደርስ የሚደወለው።

መምህርቷ ስም አይጠሩም። ለእያንዳንዱ ልጅ ቋሚ ቦታ ሰጥተዋል፤ በየዴስኩ አንድ አለቃ አለ፤ «ማን ቀረ?» ሲሉ ከ17ቱ ዴስክ የጎደለበት ብቻ ይናገራል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መጽሐፉንም አለቆቹ ናቸው የሚያድሉት። ሰሌዳው በዕረፍት ሰዓት ተጽፎ ይቆያል። እኛም ይህንኑ ስንከተል በሦስተኛው ሳምንት ለትምህርቱ 27 ደቂቃ ያህል አተረፍን። ያለ ምንም ተጨማሪ በጀት እኮ ነው!

ሁለተኛው ስሌት እያንዳንዱን ልጅ የመጠየቁ ነገር ነው። በሥልጠናችን «ተከታታይ ምዘና» እየተባለ ብዙ ተምረናል። ለአንድ ልጅ 20 ሰከንድ ብንሰጥ ለ68ቱ 1,360 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አይሆንም፤ የማይሆን ነገር ደግሞ በቃ ይቀራል። ነገር ግን በቀን 14 ልጅ ከተጠየቀ 5 ደቂቃ አይሞላም፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ሌሎቹ ሲጽፉ በዴስክ መካከል እየዞሩ ሁለት ካርድ ማሳየት ነው። በአንድ ደብተር የ68ቱን ስም ጽፈን፣ ለለየ የመደመር ምልክት፣ ላመነታ ሰረዝ፣ ላልለየ ባዶ ክብ አደረግን። ዓርብ ማታ ደብተሩን ስናየው ሰኞ ምን እንደምናስተምር ራሱ ይነግረን ነበር።

ተአምር አልተሠራም። በወሩ መጨረሻ በዚያው አሥር ካርድ ስንጠይቅ ከ29ኙ 12ቱ ወደ ፊት መጥተዋል፤ 17ቱ እዚያው ናቸው። ከ17ቱ አብዛኞቹ በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀሩ፣ ከብት የሚጠብቁ ወይም ታናሽ የሚያዝሉ ናቸው። ለእነዚህ ካርድ ብቻ አልበቃም።

ያልሳቅንበት ነገር

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን፣ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ሙቀት ነበር፤ ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ ጫጫታው አልበርድ ብሏል። ከመካከላችን አንዱ እያስተማረ ነበር። ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ልንሆን እንችል ነበርና። ልጆቹ «ላም» የሚለውን ከሰሌዳ እንዲገለብጡ ታዘዋል። በሦስተኛው ዴስክ ዳር የተቀመጠው ልጅ ምንም አልጻፈም። «ለምን አልጻፍክም?» ተባለ፤ ዝም። «አትሰማም እንዴ?» ተባለ፤ ዝም። በዚያው በመጠቆሚያው ዘንግ መዳፉን ሁለት ጊዜ መታው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ እውነቱ ግን ጸጥታው ደስ አለን። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃችን የገባ መሰለን። ከኋላ የነበርነው አራታችን በመከታተያው ቅጽ ላይ «የክፍል አያያዝ» በሚለው ሣጥን «ጥሩ» ብለን ሞላን። ቅጹ አሁንም በእጃችን አለ።

ማክሰኞ ልጁ ቀረ። ረቡዕም ቀረ። ሐሙስ መምህርቷ «ቀሪ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቤቱን የሚያውቅ ልጅ አለ» ብለው ብቻ ወጡ። ከሰዓት በኋላ የመታው ጓደኛችንና ሌላ አንድ ሆነን አርባ ደቂቃ በእግር ተጉዘን ደረስን። እናትየው ጤፍ እያበጠሩ ነበር። መምህራን መጡ ብለው ደንግጠው ተነሡ፤ ቁርበት አነጠፉልን፤ ቆሎ አቀረቡልን። ከዚያ «አስቸገራችሁ እንዴ ልጄ?» ብለው እርሳቸው ይቅርታ ሊጠይቁን ጀመሩ። ልጁ መመታቱን አልነገራቸውም፤ ሆዴን አመመኝ ነው ያላቸው። ለእርሱና ለእኅቱ አንድ እርሳስ ለሁለት ተቆርጦ ተሰጥቷቸው ነበር፤ የእርሱ ግማሽ ጠፋ። እርሳስ የለኝም ብሎ ለመናገር ፈርቷል።

ጓደኛችን ምን እንዳደረገ ለእናትየው ነገራቸውና ይቅርታ ጠየቀ። እናትየው ተሸማቀው «መምህር አባት አይደል? ቢቀጣስ» አሉ። ይህ ንግግራቸው ይበልጥ ከበደን። ልጁ ከጎተራው ጀርባ ሆኖ ሲሰማ ነበር።

ሰኞ መጣ። እርሳስ ሰጠነው፤ ወደ ፊትም አዛወርነው። ፊደሉንም ከብዙዎቹ በተሻለ ያውቅ ኖሯል። ነገር ግን ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ዴስኩ በቀረብን ቁጥር እጁን ከሥር ይደብቅ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን ለፈተና አጥንተነዋል፤ በፈተናውም መልሰነዋል። ያላጠናነው በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በሙቀት፣ 68 ልጅ ሲንጫጫ ከዱላ ሌላ ምን እንደሚያዝ ነው። ለዚህ ነው ከመምህርቷ ያየነውን በዝርዝር የምንጽፈው። ሲንጫጩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ እንዲያውም ዝቅ ያደርጉታል፤ የፊተኞቹ ለመስማት ዝም ሲሉ ዝምታው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ልጆቹ ሁለት መልሰው ያጨበጭቡና እጃቸውን ያጣምራሉ። የሚበጠብጠውን ልጅ ስሙን አይጠሩም፤ ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ አጠገቡ ሄደው ይቆማሉ፤ ካልሆነም ዳስተሩን ያስይዙታል። አምስተኛውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለመገልበጥ ሳይሆን ተነሥቶ ለሚሠራ ነገር ያደርጉታል፤ በቆርኪ ለመቁጠር፣ ካርድ ይዞ ጓደኛን ለመፈለግ። እኛ የጨመርነው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ጣሳ የተቆራረጠ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አኖርንና ከመጀመራችን በፊት «እርሳስ የሌለው ይውሰድ» ማለት ለመድን። በመጀመሪያው ቀን 11 ልጅ ተነሥቶ ወሰደ።

ከምደባ በኋላ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከትምህርት ሚኒስቴር የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግና ልምድ ያለው አማካሪ መምህር እንዲመደብለት ያዛል። ስለዚህ ገና ስንደርስ «አማካሪዬ ማን ነው?» ብሎ ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከነባር መምህራን እንደሰማነው ግን አማካሪው ራሱ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የተሸከመ ሰው ስለሚሆን፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ሥራው ሊቀር ይችላል። «ይምከሩኝ» ብሎ ከመጠበቅ «በሳምንት አንድ ቀን ከክፍልዎ ኋላ ልቀመጥ?» ማለቱ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። እኛ ከምክር ይልቅ የተማርነው ከማየት ነውና።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በልምምድ አምስት ሆነን በአንድ ክፍል ገባን፤ አንዱ ሲያስተምር አራቱ ቅጽ ይሞላል። በምደባ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን፤ ከጠዋት እስከ መጨረሻው ደወል ከአንድ ክፍል ጋር። ከልምምዱ የመጨረሻው ሳምንት ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ፣ ከስም ጥሪ እስከ መሸኘት ብቻውን ቢሰጠው ምን ይመስላችኋል? መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ብናነብ ደስ ይለናል። በመከታተያው ቅጽ «የክፍል አያያዝ» የሚለው ሣጥንም ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንዳለ የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመርለት።

ሻንጣ ስናዘጋጅ ደግሞ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪወጣ የሚያቆይ ገንዘብ፣ ባትሪና ጫማ የሚለው ምክር እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት ነገር እንጨምር፤ የፊደል ካርድና አንድ ጣሳ እርሳስ። ካርዱ ከካርቶን ስለሚሠራ ወጪው የማርከር ብቻ ነው። የእኛ 231 ካርዶች በቤተ መጻሕፍቱ የመርጃ መሣሪያ ማዕዘን ተቀምጠዋል። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እዚያ ስለምንሆን መገልበጥ የሚፈልግ ካርቶንና መቀስ ይዞ ይምጣ። ማርከር ሦስት ብቻ ነው ያለን፤ ያለው ይዞ ቢመጣ አይጠላም።